የቁልቁለቱ ወሬ

አስናቀ ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ብሶበታል፤ ባለቤቱ የውብዳር አንድ ነገር ብትጠይቀው ወይ «እህ» ይላታል ወይ «እሺ»። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ትዳር ይዞ ሦስት ልጅ እንዳሳደገ የሚገርመው ካለ፣ ምስጢሩ ያለው ጢቾ መንገድ ላይ ነው።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ የውብዳርን ከአሰላ ጢቾ፣ እህቷ ትርፌ ዘንድ ይዟት ይሄዳል። የሚሄዱት በዳማ ነው። ዳማ ፈረስ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ አገር ዟሪ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት፣ ቀይ፣ መቀመጫው ሰፊ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ እያረጀ ሲሄድ መንገዱ ላይ ባለው ዳገት ሁለት ሰው መሸከም አቃተው። ስለዚህ የውብዳር ከዳገቱ ሥር ወርዳ በእግሯ ትወጣለች፤ እሱ አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። አስናቀ ከጥንትም ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ያጠፋና ዳማን እንዲሁ ይለቀዋል። ያን ጊዜ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ የውብዳርም ከጀርባው ማውራት ትጀምራለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን መፀነሷን የነገረችው እዚያ ነው። እሱም «እወድሻለሁ» ያላት እዚያ ነው፣ መንገዱን እያየ፣ አንዴ ብቻ።

አምና ግን የውብዳር «ጉልበቴ ዳገቱን እንቢ አለኝ፤ ብቻህን ሂድ» አለችው። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ዓመት ሞላ። በቤቱ የቀረው «እህ» እና «እሺ» ብቻ ሆነ። አስናቀ ፈራ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሚስቱ የራቀችው መሰለው።

ዳማን ወደ ፈይሩዛ ወሰደው። ፈይሩዛ የአባቷን ጋራዥ ወርሳ ከአባቷ በተሻለ የምትሠራ መካኒክ ናት። ከሌላ ሞተር ሳይክል የወጣ ብርቱ ሞተር ገጠመችለት፤ ቸርኬውንና ጎማውንም ቀየረችለት። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ከእንግዲህ የትኛውም ዳገት አያቆምዎትም» አለችው እጇን እየጠረገች። «አንድ ነገር ግን አደራ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንዳያጠፉት። ፍሬኑን እያገዘ የሚያወርድዎት እሱ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ» አላት።

ቅዳሜ የውብዳርን አፈናጠጣት። ዳማ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው። አስናቀ ከደስታው ብዛት አናቱ ላይ እንኳ ሳይቆም አለፈ፤ ቁልቁለቱንም ፈይሩዛ እንዳለችው ሞተሩን ሳያጠፋ ተያያዘው። መሐል ላይ፣ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ፣ ከጀርባው አንድ ነገር የሰማ መሰለው።

«ምን አልሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም! ተወው!»

ጢቾ ሲደርሱ «አልተመቸሽም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተመችቶኛል። ጥሩ ሞተር ነው» አለችው፣ ለጎረቤት መልስ እንደምትሰጥ።

ትርፌ ምሳ ስታቀርብ ነገሩ ገባው። ከተጋቡ ጀምሮ ያን ቁልቁለት ሳያወጉ ሲጨርሱት የመጀመሪያቸው ነበር። ለጉልበቷ ብሎ ያስገጠመው ሞተር ወሬዋን ነጥቆታል።

ሲመለሱ ዳገቱን ወጥተው አናቱ ላይ ደረሱ። አስናቀ ድሮ ቆሞ በሚጠብቃት ቦታ ዳማን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋው።

«ምነው? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። የዛሬን ቁልቁለት እዚሁ ቆመን እንጨርሰው ብዬ ነው።»

አስናቀ ፊቷን ሊያይ ዞር አለ።

«አትዙር!» አለችው፤ ድምጿ ተሰብሯል። «ፊቴን እያየኸኝ አይወጣልኝም። መንገዱን እይ።»

መንገዱን አየ። ከታች የገብሱ ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል።

«ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው» አለች። «ከየት ልጀምር?»

«አምና ካቆምሽበት።»

ግንባሯን ጀርባው ላይ አስደግፋ ጀመረች። አስናቀም የቆመውን ዳማ መሪ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ከዚያስ?» ይላታል።