ሦስቴ የጫንኩት አውራ ጣት

«እናት፣ እዚህ ወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያውቃሉ?»

ዳኛው እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ አፌ ተሳሰረ። አውቃለሁ እንዳልል አላውቅም። አላውቅም እንዳልል መርማሪው ፖሊስ ከኋላዬ ተቀምጧል። ጠዋት በር ላይ፣ «ከጠየቁዎት ተነቦልኛል ይበሉ፤ አለዚያ ልጅዎ ላይ ይከብድበታል» ብሎኛል። ልጄ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ዳኛው ጥቂት ጠበቁኝና ገጹን ገለጡት።

ልጄ የሲሚንቶ መኪና ሾፌር ነበር። የዚያን ቀን ግን መሪውን የያዘው የባለመኪናው ልጅ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ «እስቲ ልሞክራት፣ ውረድ» አለው። የአሠሪው ልጅ ነው፣ እምቢ ይለዋል? መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ያየው ሰው ብዙ ነበር። በማግስቱ አየሁ የሚል ጠፋ፤ የታሰረው ልጄ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ቤቴ መጣ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ልጄን ያሳደግኩት የሰው ልብስ አጥቤ ነው።

«እማማ፣ ይቺ የዋስትና ወረቀት ናት። ልጅዎ ጨዋ መሆኑን ይመሰክሩለትና ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አውራ ጣቴን ቀለም አስነካሁና ጫንኩ። ድፍን ጥቁር ሆነ፤ መስመር የለውም።

«እንዴ፣ ጣትዎን በሳሙና ጨረሱት እኮ!»

«ሠላሳ ዓመት የሰው እድፍ ሲፈትግ ምን ይተርፈዋል ልጄ?» አልኩት፤ አብረን ሳቅን።

ደግሜ ብጭን ያው ነው። ስላስቸገርኩት ይቅርታ ጠየቅኩት። በሦስተኛው ጣቴን በሌላው እጄ ደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። ጥርት ብሎ ወጣ።

«ጎበዝ!» አለኝ። ደስ አለኝ።

ልጄ «በሰነድ ማስረጃ» ተብሎ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ሰነድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የወረቀቱን ግልባጭ ወስጄ ፍራሽ ሥር አስቀመጥኩት። ለጎረቤት እንዳላስነብብ የሚለውን መስማት ፈራሁ። የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ሁለት ዓመት ፊደል ቆጠርኩ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አወጣሁትና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ «ልጄ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ ብሎ ነግሮኛል» ይላል። ከሥሩ አሻራዬ አለ።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀኑን አየችና፣ «እናቴ፣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል። ያኔ ዳኛው ሲጠይቁዎት አላውቅም ቢሉ ኖሮ…» ብላ ተወችው።

ወህኒ ቤት ሄጄ ለልጄ ነገርኩት።

«አውቃለሁ እማዬ» አለኝ። «ከክሱ ጋር ሰጥተውኝ አንብቤዋለሁ። ውሸት ነው ካልክ እናትህን በሐሰት ምስክርነት እናስራታለን አለኝ መርማሪው። ዝም አልኩ።»

«እኔም ላንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በሽቦው መሀል ጣቴን ያዘ።

የባለመኪናው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። መርማሪው ተሹሞ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ልጄ ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ እኔም እዚሁ ነኝ።