የሐምሌ እንጆሪ

«ውረዱ! ይኼ ነገር ሰው ልብስ ላይ እየፈሰሰ ነው!» ሾፌሩ ሚኒባሱን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ወደ ኋላ ጮኸ።

ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ከተደራረቡት ስምንት የፕላስቲክ ሳጥኖች ቀይ ውሃ ወርዶ የአንዲት ተሳፋሪን ነጭ ነጠላ አበላሽቶታል። ሰሎሜ ደንግጣ የሚጠረግበት ነገር ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌው አቶ ጓዴ ቀድመዋት ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ሳጥኖቹ ሥር ጎዘጎዙት።

«ይቅር በይኝ እመቤት፤ ደም አይደለም፣ ፍሬ ነው» አሏት ሴትዮዋን።

«ሲታጠብ ይለቃል?»

«እንጃ! እኛም ዘንድሮ ነው የተዋወቅነው።»

ሾፌሩ እያጉረመረመ መኪናውን አስነሣ። ጉንደ ወይንን ካለፉ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ ሞጣ ገና ነው። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፈዋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሳጥኖቹ ይነጥራሉ፤ ሰሎሜ ፍሬው ሲፈርጥ የሚሰማት ይመስላታል።

ሰሎሜ የአሰላ ልጅ ናት። ቢቸና የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ፍራፍሬ ልማት ፕሮጀክት ባለሙያ ሆና ነው። አሥራ ሁለት ገበሬዎች ከጤፍ ማሳቸው ላይ አንድ አንድ ጥማድ ቀንሰው እንጆሪ እንዲተክሉ ቤት ለቤት እየዞረች ያሳመነቻቸው እሷ ናት። ችግኙ ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል ተብሎ ሚያዝያ ደረሰ። ሚያዝያ የተተከለው በሐምሌ ዝናብ መሐል እንደሚበስል ታውቅ ነበር። አስተባባሪዋ ወንደሰን ግን «ዝም ብለሽ አስተክይ፤ በጀቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል» አላት። ዝም ብላ አስተከለች።

ፍሬው መብሰል ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከባሕር ዳር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና እየመጣ ወሰደ። ከዚያ ቀረ። ፍሬውን የሚረከበው የባሕር ዳር ነጋዴም ስልኳን አያነሣም። ገበሬዎቹ ጠዋት ይለቅማሉ፣ በማግሥቱ የሻገተውን ይደፋሉ። ያልተለቀመውም ዝናብ እየጠጣ መደቡ ላይ ይፈርሳል። ዛሬ ከገበሬዎቹ አንዱ የሆኑት ጓዴ «ሞጣ ወስደን እንሞክረው» ቢሏት እምቢ ማለት አልቻለችም።

ስልኳ ጮኸ። ወንደሰን ነው።

«ሪፖርቱን ለምን አልላክሽም?»

«ምን ብዬ ልላክ?»

«የምርቱ ሁኔታ ጥሩ ነው፣ ገበያውም ተስፋ አለው በይ። ነሐሴ አሥራ አምስት ጎብኚዎች ይመጣሉ። እስከዚያ አንድም ሰው እንዳይነቅል፣ አደራ!»

«የጤፍ ዘር ጊዜ እኮ እያለፈባቸው ነው።»

«ሰሎሜ፣ ያንቺም ውል መስከረም ላይ ነው የሚታደሰው» አለና ዘጋው።

ጓዴ ፊቷን አዩት። «አለቃሽ ነው? መኪናው ይመጣል አለ?»

«ሞጣ ገዢ አናጣም፣ ጋሽ ጓዴ።»

ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ያን ቀን ከደጄ ቆመሽ እንጆሪ ስትይኝ» አሉ፣ «ጆሮዬ እንጀራ ብሎ ነው የሰማው። የቅኔ ቤት ጆሮ ክፉ ነው፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይሻል።»

ሊያስቋት ያሉት መሰላት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሞጣ ደርሰው ሳጥኖቹን በባጃጅ ጭነው ሀኒያ ጭማቂ ቤት ወሰዱ። ሀኒያ ከመናኸሪያው ጀርባ ለብዙ ዓመት የሠራች ነጋዴ ናት። የመጀመሪያውን ሳጥን ስትከፍት «ሱብሃነላህ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቁጭ ብላ ደህናውን ከተበላሸው መለየት ጀመረች። ጓዴም አጠገቧ ተቀምጠው የባሕር ዳሩ ነጋዴ መኪና መቅረቱን እየነገሯት አብረዋት ለቀሙ። የስምንቱ ሳጥን ደህና ፍሬ አንዱን እንኳ በወጉ አልሞላም።

«ይችን እወስዳለሁ፣ አባቴ» አለቻቸው። «ከዚህ በላይ ግን አልችልም። መብራቱ በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።»

«ነገ ለቅመን ብናመጣስ?» አለች ሰሎሜ።

«እህቴ፣ ክረምት ነው። በዚህ ብርድ ማን ጭማቂ ይጠጣል?» ሀኒያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የባሕር ዳሩን ነጋዴ ላናግርልሽ? ለኔም ማንጎ ያመጣልኛል። የኔን ስልክ ያነሣል።»

ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። እውነትም አነሣ።

«የቢቸናው እንጆሪ ከሆነ ተይው፣ ሀኒያ» አለ ሰውየው ገና ስትጀምርለት። «ሆቴሎቹ እንግዳ የላቸውም፣ ሾፌሮቼም መንገዱን ፈርተዋል። ከጥቅምት በፊት መኪና አልልክም። ለልጅቷ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ነው ስልኳን የማላነሣው።»

ሀኒያ ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ልጄ» አሉ ጓዴ። እጃቸው እስከ አንጓው ቀልቷል። «ነገ ሐምሌ ሃያ አራት ነው። አሁን ካልዘራሁ ዓመቱን ቤተሰቤን የማበላው የለኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኔ ቸግሮኝም የሚያበድረኝ አላገኝም፣ ጎረቤቴ ሁሉ እንደኔው ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልጠብቅ ወይስ በሬዬን ጠምጄ ልረሰው?»

ሚያዝያ ላይም እንዲህ ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠይቀዋት ነበር፤ «ዝናብ አይደርስበትም?» ብለው። «አይደርስበትም» ነበር ያለቻቸው።

«ዘር አለዎት?» አለች።

«ከጎታው ሥር የቀረች አለች። በዚህ ሰሞን ልናስፈጫት ነበር።»

«እንዳያስፈጯት። መደቡን አፍርሰው ነገ ይረሱት። ጤፍዎን ይዝሩ።»

«አለቃሽስ?»

ስልኳን አወጣችና ከአሥራ ሁለቱ ገበሬዎች አንዷ የሆነችው፣ ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድገው ማስተዋል ዘንድ ደወለች።

«ሰሎሜ ነኝ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየለቀምኩ ነዋ! መኪናው መጣ?»

«አይመጣም። መልቀሙን ተይው። ነገ የሚያርስልሽ ሰው ፈልጊና ጤፍ ዝሪበት።»

«ይኼ ከላይ የመጣ ነው?»

«ከላይ አልመጣም። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ማን ፈቀደልሽ ብለው ቢጠይቁሽ ስሜን ንገሪያቸው።»

ስልኩን ዘግታ ወደሚቀጥለው ስም ወረደች። አሥር ሰው ይቀራታል።