ቢጫ ያልሆነው ጠበል

ሥራዬን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል። ከአምባዛ ዓሣ አንጎል ኢንዛይም አውጥቼ በረዶ ላይ አስተኛታለሁ። ከሚመረመረው ውሃ ጋር ቀላቅዬ ኬሚካል ስጨምርባት፣ ደህና ከሆነች ውሃው ቢጫ ይሆናል። የተባይ መድኃኒት ካለበት ግን ኢንዛይሟ ትፈዛለች፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ይቀራል። ፍኖተ ሰላም ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራዬ ያ ቢጫ ቀስ ብሎ ሲመጣ ሳይ፣ ዓሣው ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ቡሬ ገጠር ያለችው እናቴ ደጊቱ ከክረምት ወዲህ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ያለ ምክንያት ያነባል። በየማለዳው በባዶ ሆዷ ጠበል ትጠጣለች፤ በጠጣች ቁጥር ይብስባታል። እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ከጀሪካኗ ጥቂት ቀዳሁና ይዤ ተመለስኩ። ሰኞ ሞከርኩት። ቢጫ የለም። ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ዓሣው አልነቃም።

ከጠበሉ ምንጭ በላይ ሽንኩርት የሚያለማውን ጎረቤታችንን ገነነን በልቤ ረገምኩት። የተባይ መድኃኒት መርጫውን አዝሎ ሲያፏጭ ሁሉ ታየኝ። ለእናቴ ደውዬ ጠበሉን እንዳትጠጣ ብነግራት፣ “አበድክ እንዴ ልጄ?” አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ ጠበል ሌላ ተስፋ አልነበራትም።

በማግስቱ የበረዶ ሣጥኔን ታቅፌ ወጣሁ። ምንጩ ጋ ስደርስ ጉሙ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። ውሃው ይንሾካሾካል። “ጠበሉን ዝጉት” ብዬ ጠበሉን ለሚጠብቁት መሪጌታ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ፣ በራሴ ብልቃጥ ቀዳሁና ቀላቅዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ውስጥ ቢጫው መጣ። የአደይ አበባ ቢጫ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ደስታዬ ግን እናቴ ቤት እስክደርስ አልቆየም፤ ምንጩ ንጹሕ ከሆነ መርዙ ከየት ገባ? ጀሪካኑ በሩ ሥር ተቀምጧል።

“እማ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?”

“አንተው አይደለህ በክረምቱ መግቢያ በኦሞ አጥበህ የሰጠኸኝ? ክዳኑ አያፈስም ብለህ።”

እኔው ነኝ። የተባይ መድኃኒት ጀሪካን መሆኑን እያወቅሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ አጥቤ ፀሐይ አስመትቼ ሰጠኋት። እኛ ዘንድ ደህና ጀሪካን አይጣልም። ሽታው ሲጠፋ መርዙም የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ እኔ፣ የመርዝ መርማሪው።

“ጠበሉስ?” አለችኝ።

“ጠበሉ ንጹሕ ነው።”

“ተመስገን! አላልኩህም?” ብላ ጀሪካኑን አንሥታ ልትሳለመው ስትል ከእጇ ነጠቅኋት።

“መርዙ እዚህ ውስጥ ነው እማ። ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ። ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ።”

እግሯ ሥር ተደፋሁ። እሷ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። እዚያም ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።