በደቡብ ነፋስ አይፈረምም

ፊሎመና የቤቷን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ተጫምታ ከተሰናዳች በኋላ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች።

“እማዬ፣ ውልና ማስረጃ የቀጠሩን ለአራት ሰዓት ነው” አለ ልጇ ሉክሻ። “ቤቱን የምትገዛው ሐኪም ደጅ ቆማ እየጠበቀችን ነው።”

“ደቡብ ነፋስ ነው። በደቡብ ነፋስ አይፈረምም።”

ሉክሻ ግንባሩን ያዘ። ኮሚዣ በምትባለው የደሴት ከተማቸው ይህን የማያውቅ የለም። ያ እርጥብ ነፋስ ከተነሳ ራስ ይከብዳል፣ ባልና ሚስት በሆነ ባልሆነው ይኮራረፋሉ። የድሮ ዳኞች እንኳ ፍርዱን ያሳድሩት ነበር ይባላል።

“አባዬን ያገባሽው በደቡብ ነፋስ አልነበር?”

“ለዚያ እኮ ነው የምነግርህ።”

ነገሩስ ነፋሱ ብቻ አልነበረም። ዝላታ ከዛግሬብ ለደሴቲቱ ጤና ጣቢያ ተመድባ የመጣች ሐኪም ናት፤ ቪታ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት። ቤቱን ሁለቴ ስታየው ባሕሩ ሁለቴም እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። የምድር ቤቱ በር ግን በቀጥታ ወደ ባሕር ነው የሚከፈተው፤ በዚህ ነፋስ ውኃው ደረጃውን ወጥቶ ይገባል። ሉክሻ “ካልጠየቀችሽ ምን አናገረሽ” ብሏት እሺ ብላው ነበር። ድክ ድክ የሚለውን የልጅቷን እግር ካየች ወዲህ ግን እህል አልወርድላት ብሏል።

ዝላታ ልጇን ታቅፋ ገባች። “እማማ፣ አመመዎት እንዴ?”

“አላመመኝም፣ ልጄ። ነይ ወደ ታች እንውረድ።”

“እማዬ” አለ ሉክሻ እየተከተላቸው።

ታች ውኃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሞልቷል። አንድ አሮጌ ቅርጫት ይንሳፈፋል። ማዕበል በመጣ ቁጥር በሩ ወደ ውስጥ ይለመጣል፣ ውኃው በሥሩ ሽቅብ ይላል። ቪታ ሳቀችና እጇን ዘረጋች። እናቷ አጥብቃ ይዛታለች፤ ፊሎመና ግን ሳይታወቃት የልጅቷን ቀሚስ ጨበጠች።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?” አለች ዝላታ።

“ክረምቱን ሙሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህን ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከጠረጴዛ እግር ጋር አስሬ ነው ያሳደግሁት።”

“እንደ ፍየል” አለ ሉክሻ።

“ፍየል ይሻል ነበር። ፍየል ቋጠሮ አይፈታም።”

ዝላታ አልሳቀችም። ልጅቷን ለፊሎመና ሰጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ ውኃው ውስጥ ገባች። የበሩን መቃን በመዳፏ ዳበሰች።

“ይህ በር በድንጋይ ቢደፈንስ?”

ፊሎመና በሩን አየች። ባሏ ጀልባውን እየጎተተ የሚያስገባው በዚህ በር ነበር። እሷም አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ያጸዳችው ደፉ ላይ ተቀምጣ ነው። ሸጣው ብትሄድ እንኳ በሩ በቦታው ይኖራል ብላ ነበር የተጽናናችው። ሌላ መላ ፈለገች፤ ወፍራም የብረት መዝጊያ፣ ሁለት ቁልፍ። ብረቱ ዝጎ፣ ቁልፉ ተረስቶ ታያት። ትንሿ ልጅ ጉንጯን አንገቷ ሥር ለጥፋ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

“ይደፈን” አለች። “ግን እዚሁ ቆሜ እያየሁት ነው የሚደፈነው። ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ።”

“ሳምንት ይፈጃል እኮ፣ እማዬ።”

“ይፍጅ።”

“እኔ እጠብቃለሁ” አለች ዝላታ።

ፊሎመና ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። “ሂድ፣ ሉክሻ፣ የመንደሩን ግንበኛ ጥራልኝ። ምሳውን ሳይበላ ድረስበት፤ ከበላ የሚያነሳው የለም።”