የሕዝቡ ቀብር

ሕዝብ የሚባለው ማን ነው? ፌቨን ይህን ጥያቄ ለዓመታት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይዛው ዞራለች። በሠፈሯ ግን መልሱ የታወቀ ነበር፤ ሕዝቡ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ሸዋረጋ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው በምርጫው ዕለት ነው። አቶ ሸዋረጋ ድንኳኑ መሀል ቆመው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሕዝቡ በእኔ አፍ ይናገራል» አሉ። ዕድርተኛው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ ያጨበጨበው ሁሉ ድምፁ እሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት መግዛት የፈለገ ሰው አቶ ሸዋረጋን ይዞ ጉሊት ይወርዳል። ማንም ቅር አላለውም። «እንዲህ የሚረዳን ሰው አግኝተን አናውቅም» ይባባሉ ነበር፣ በእሳቸው አፍ። ምርጫም ቀረ፤ ሕዝቡ ራሱን ለምን ይመርጣል?

ያላጨበጨቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፌቨን ዓይን አፋር ስለሆነች እጇን ከሹራቧ ኪስ አላወጣችም። አባቷ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ «ሕዝቡን ጠይቀውታል?» ብለው ጠየቁ።

«እኔን የተጠራጠረ ሕዝቡን ተጠራጥሯል፤ ከሕዝቡም አይደለም» አሉ ሊቀመንበሩ።

ከዚያ በኋላ አባቷ ለጎረቤት አይታዩም ነበር። ልቅሶ ቤት ሰው ይቀመጥባቸው ነበር። ሲሞቱም ድንኳን አልተተከለም። ፌቨን ከአንድ ጋሪ ነጂ ጋር ሆና ቀበረቻቸው።

ዘንድሮ አቶ ሸዋረጋ ታመሙና አስጠሯት። ከአፋቸው መጀመሪያ የወጣው የጎረቤቷ የወይዘሮ እልፍነሽ ድምፅ ነበር፤ ሴትዮዋ አፋቸውን ዘግተው አልጋው አጠገብ ቆመዋል።

«ምነው ከሳሽ የኔ ልጅ? ያ መጽሐፍ ምሳም አያስበላሽም?»

ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ የጋሽ ቡልቻ ድምፅ ወጣ። «ሰውየው እየሞተ ነው እኮ፤ ስለ ምሳ ታወራለች።»

በመጨረሻ የራሳቸው ድምፅ መጣ። «ነገን የማይ አይመስለኝም። ለቀብሬ ሰው የሚጠራልኝ ድምፅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ለአባቴ ማን ጠራ?»

«እሱ ከሕዝቡ አልነበረም።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሕዝቡ ነኝ።»

«ይህንኑ ብዬ ልጥራ?»

«ቃል በቃል» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሲነጋ ሞቱ። ፌቨን መንገዱ መሀል ቆማ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «ሕዝቡ ሞቷል። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።»

ጎረቤቶቿ ሰሙ። ነጭ ለብሰው ወጡና በየደጃፋቸው በጀርባቸው ተጋደሙ። እንደ ሬሳ ወግ የእግራቸውን አውራ ጣቶች በክር አሰሩ። ወይዘሮ እልፍነሽ እጃቸው አልደርስ ብሏቸው ቀና ብለው ፌቨንን አዩዋት።

«ተነሡ፤ ሕዝቡ እናንተ ናችሁ» ማለት ትችል ነበር።

ፌቨን ተንበረከከች፤ ክሩን በሁለት ዙር ጠምጥማ አጠበቀችላቸውና ወደሚቀጥለው ደጃፍ አለፈች።