ነፋስ የሚያወጣው አጥንት

በጎቢ በረሃ ከተገኙት የዳይኖሰር አጥንቶች ግማሹን ያገኘሁት እኔ ጋልሰን ነኝ። ግማሽ ከበዛባችሁ ሲሶ በሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የአጥንት ፈላጊዎቹን መኪና ነድቻለሁ፤ ምሁራኑ ካርታ ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ እኔ እግሬን ላፍታታ ወርጄ ክንዴን የሚያህል ጥፍር ይዤ እመለስ ነበር።

መምህርት ኦዩን ለከብት አርቢ ልጆች በየበጋው ድንኳን ተክላ ታስተምራለች። ዘንድሮ ስለ ዳይኖሰር ልታስተምር ስታስብ የጠራችው እኔን ነው። ሌላ ማንን ትጥራ? ሦስት ሜትር የሚሆን አፅም ከጄሶ ሠራሁላት። ለክታ አንድ ሜትር ተኩል ነው አለች፤ ሜትሯ አሮጌ ነበር። ድንኳኑ ደጃፍ ጉድጓድ ቆፍሬ አፅሙን ቀበርኩና ለሰባቱ ልጆች የፈረስ ጭራ ብሩሽ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው።

መጨረሻ የደረሰችው ሶሎንጎ ናት፤ ፈረስ ላይ ከአያቷ ከሽማግሌው ቾይዶግ ፊት ተቀምጣ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከፍየሎቹና ከአያቷ በቀር ጓደኛ የላትም። መስከረም ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ከዚያ በፊት ከልጆች ጋር ትልመድ ብላ ኦዩን ሽማግሌውን ስትለምን ከርማለች።

ቾይዶግ ጉድጓዱን ሲያዩ ከፈረሱ አልወረዱም።

«መሬቱን ማን አቆሰለው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«እኛ የድንኳን ችካል ስንነቅል እንኳ ቀዳዳውን ደፍነን ነው የምንሄደው። ይቺ ልጅ ያደገችው እንዲህ ነው። አንተን ማን አሳደገህ?»

«ጉልበት እንኳ አይደርስም እኮ።»

«ትናንት በየድንኳኑ ስትዞር ግመል ይውጣል ስትል አልነበር?»

አካፋውን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«እንሂድ ልጄ» ብለው ፈረሱን አዞሩ። ኦዩን አየችኝ፤ ያን አስተያየት ተኩላም አይችለውም።

«እውነቱን ልንገርዎት» አልኩ። «በሃያ ሁለት ዓመት አካፋ አጥንት ሲያገኝ አላየሁም። የሚያወጣው ነፋስ ነው። የእኛ ሥራ ከነፋሱ በኋላ እየዞሩ ማየት ነው።»

«ታዲያ ለምን ቆፈርክ?»

«ለጉራ ነው።»

ፈረሱን አቆሙ።

አፅሙን አውጥቼ ጉድጓዱን ደፈንኩ፤ ኦዩን መሬቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ወተት ረጨችበት። አፅሙን ሰፊ ቆርቆሮ ላይ አጋድመን፣ ነፋስ ድንኳኑ ግርጌ ያከማቸውን አሸዋ አለበስነው።

«ነፋሱ እናንተ ናችሁ» አለች ለልጆቹ።

ጉንጫቸውን ወጥረው ሲነፉ አሸዋው ዓይናቸው ገባ። ይሄኔ ሶሎንጎ ከፈረሱ ተንሸራታ ወረደች፤ በሆዷ ተኝታ የኩበት እሳት እንደሚያቀጣጥል ሰው ዝቅ ብላ በቀስታ ነፋች። አንድ ጎድን ብቅ አለ።

«እንዴት አደረግሽው?» አለ ፊቱ አሸዋ የሆነ አንድ ልጅ።

«ከጎን ንፋ። ደግሞ አትቸኩል።»

«ቢነክሰኝስ?»

«ድንጋይ ሆኗል፤ ድንጋይ አይነክስም» አለች ኦዩን።

ስድስቱም ከሶሎንጎ ጎን ተርታ ተኙ። አከርካሪው ወጣ፣ ከዚያ አንገቱ።

«በቃ እንሂድ ልጄ» አሉ ቾይዶግ፣ እንደ ቅድሙ ሳይቆጡ።

ሶሎንጎ ቀና አላለችም። «አባባ፣ ጭራው ገና ነው።»

ሽማግሌው ወርደው የፈረሱን ኮርቻ ፈቱ።