ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በተገኙበት፣ አባታችን በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የጠለለ ሾርባ ብቻ እንደሚጠጣ ተገለጸ።

መግለጫውን የሰጠችው ታላቅ እህቴ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ስለሆነች፣ ማንኛውንም ነገር የምትናገረው ሰልፍ ላይ እንዳለን ነው። ሆስፒታሉ የሰጣትን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ አነበበችልን። ወተት የለም። ፍሬ ያለው ነገር የለም። ቀይ ጭማቂ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መገኘት፤ አጃቢ ግዴታ ነው።

«ምርመራው ሁለት ነው» አለች። «ኢንዶስኮፒው በአፍ ገብቶ ጨጓራን ያያል። ኮሎኖስኮፒው በታች ገብቶ ትልቁን አንጀት ያያል። ሁለቱም በአንድ ቀጠሮ ያልቃሉ።»

አባባ ከመነጽሩ በላይ አያት። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል።

«ላይና ታች ባንድ ቀን» አለ። «ሙሉ ልብስ ነው በሉኛ።»

ሳቅን። ከሚገባው በላይ ሳቅን።

«ለጨጓራህ ነው እኮ» አለች እህቴ፣ ሳቁ ሳያልቅ። «ዶክተሩም ጨጓራ ነው የሚመስለኝ ብሏል። ለማረጋገጥ ያህል ነው።»

ዶክተሩ እንደዚያ አላለም። ከሦስት ሳምንት በፊት እህቴን ብቻዋን አስቀርቶ፣ የአባባ ደም ማነስ ምንም እንዳላማረው፣ ሆዱን ሲዳብስም በቀኝ በኩል ጠጠር ያለ ነገር እጁ ላይ እንደመጣ ነግሯታል። እሷ ለኔ ነገረችኝ። «ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል፣ ግፊቷ ይነሳል። አባባማ ከሰማ ያኔውኑ ነው የሚተኛው» አለችኝ። ስለዚህ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንደዚያ ነበር የተባባልነው።

ለእህቴ ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበረኝ።

እኔ የምሠራው ሱቅ ውስጥ፣ ከአባባ ጋር ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። አባባ የሚታወቅበት አንድ አሠራር አለው። ሱሪ ሲሰፋ ከወገቡ በስተኋላ፣ በመሃለኛው ስፌት ውስጥ፣ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። ሌላው ልብስ ሰፊ አንድ ጣት ቢተው ነው። «ሰው ይወፍራል» ይላል አባባ። ደንበኛው ከዓመት በኋላ ሆዱን አስቀድሞ ሲመጣ ስፌቱን ይፈታና ያሰፋለታል። ሰውየው አንገቱን ሲደፋ ደግሞ «ጨርቁ ነው የተሰበሰበው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ይለዋል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ጨርቁ ተሰብስቦ አያውቅም።

ከአራት ወር ወዲህ ግን የሱን የራሱን ሱሪ ስተኩስ፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። መጀመሪያ አንድ ጣት። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የኋላ ኪሶቹ ወር በወር ተቀራረቡ። ስፌት ተፈትቶ ሲጠብ የድሮው መስመር ጨርቁ ላይ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ያንን የሚያጠፋው የካውያ እንፋሎት ነው። እኔ አጠፋሁት። አባባ ሱሪውን ተቀብሎ ያያል፣ መስመሩ እንደሌለ ያያል፣ «እጅህ ጥሩ ነው» ይለኛል። ከዚያ ሌላ ወሬ እንጀምራለን። ልብሱ ሁልጊዜ ልክክ ስለሚልበት ሰፈሩ «አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምታረጀው?» ይለዋል። እሱም «ጊዜ ሳገኝ» ይላል።

ሰኞ ከአስር ሰዓት ጀምሮ አንጀት የሚያጸዳው መድኃኒት ተጠጣ። ዱቄቱ በአራት ሊትር ውሃ ተበጥብጧል፤ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ። እህቴ ሰዓቷን እያየች አጠገቡ ቆመች።

«ምን ምን ይላል?» አልኩት።

«ወረቀቱ ሎሚ ሎሚ ይላል ብሏል» አለች እህቴ።

«የጻፈው ሰው ሎሚ አያውቅም» አለ አባባ።

ስድስተኛው ብርጭቆ ላይ ቆም አለ። «እትዬ ርዕሰ መምህርት፣ እረፍት የለም እንዴ?»

«ደወል አልተደወለም። ጠጣ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በማንም ላይ የሚሆነው ነው። ከመኝታ ቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ አስራ አንድ እርምጃ ነው። መጀመሪያ በሩጫ ሄደ፣ በኋላ በእርምጃ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ይዞ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥታ የሸሚዙን ቁልፎች አጠብቃለሁ ብላ ተቀመጠች። ቁልፎቹ ምንም አልሆኑም፤ የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ሸሚዙ ነጭ ሆኖ ሳለ መርፌዋ ላይ ያለው ክር ግራጫ ነበር። ዓይኗ ደክሟል ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ነርሷ ገና ልጅ ናት፣ ግን አትቸኩልም።

«አባት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት?»

«የለኝም ልጄ። የቀሩት በሙሉ የራሴ ናቸው።»

ከኋላ የሚታሰር ጋውን ሰጠችው። አገላብጦ አየው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ፈተሸ። «ይሄን የሰፋው ማነው?»

«አላውቅም አባት።»

«ባታውቂው ይሻላል።»

ልብሱን ቀይሮ በፌስታል አድርጎ ለእማዬ ሰጣት። ነርሷ ወረቀቷን አወጣች። «ክብደትዎ ስንት ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

ነርሷ አየችው። «እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ። የማስተኛ መድኃኒቱ በክብደት ነው የሚሰጠው።»

አባባ ወደኛ ዞረ። «እናንተ ሂዱና መቀመጫ ያዙ» አለ። አስራ ስምንት ባዶ ወንበር ነበር። ሄደን ያዝን። መጋረጃ ግን ድምፅ አይከለክልም፤ «ሃምሳ ስድስት» ስትል ሦስታችንም ሰማን። ሦስታችንም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ማንበብ ጀመርን። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ግን እሷም ቀና ብላ ቆየችበት።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከዚያ ዶክተሩ ብቅ ብሎ እህቴንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን።

«ጨጓራው ንጹህ ነው» አለ። «ያሳሰበኝ ታች ያለው ነው። በቀኝ በኩል አንጀቱ ውስጥ ትልቅ እጢ አለ፣ መንገዱን ሊዘጋው ደርሷል። ናሙና ወስጃለሁ፤ ውጤቱ በአስር ቀን ይደርሳል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ግን አስር ቀን ሳይጠብቅ ይየው። በዚህ ሳምንት።»

እህቴ «እሺ» አለች። ደጋግማ «እሺ» አለች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ወደ እማዬ ተመለሰች።

«ጨጓራው ትንሽ ተቆጥቷል አለ።»

ከአባባ አካል ሁሉ ጤነኛ የተባለውን አንድ ነገር መርጣ ነው ያሳመመችው።

«እሰይ» አለች እማዬ። ፌስታሉን አንስታ ቆመች።

ማረፊያው ክፍል ስንገባ አባባ ነቅቷል፤ ግን ዓይኑ ገና ከሩቅ ነው የሚያየው። ነርሷ በአየር የተነፋ ሆዱን ነካ አደረገች። «አየሩን ያውጡትና መልበስ ይችላሉ።»

«ሰው ፊት?»

«እዚህ ሁሉም ያወጣል አባት።»

«ልጆቼ ፊት ነው ያልኩሽ» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ አወጣ። ማንም አልሳቀም። እሱም ይህን አስተዋለ።

«ምን አለ ሰውየው?»

«ጨጓራ ነው» አለች እህቴ። «ትንሽ ተቆጥቷል።»

«ብዬ አልነበር?» አለ አባባ፣ ዓይኑን ወደኔ አድርጎ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

በብብቱ ይዤ አቆምኩት። እጄ ውስጥ የገባው አጥንት ነው። ግራጫውን ሱሪ አጠለቀ፣ ቁልፉን ራሱ ቆለፈ፣ ከዚያ ሸሚዙን ሊቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ።

ሱሪው ወደቀ።

ዓርብ ዕለት በገዛ ወገቡ ልክ ያጠበበው፣ ቅዳሜ እኔ የተኮስኩት ሱሪ ነው። ሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምስ፣ ያለውንም ሁሉ አውጥቶ፣ የዓርቡ ልክ ሰፋው። ቁልፉ እንደተቆለፈ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተኮለኮለ። እግሮቹን አየናቸው። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ የተሸከሙኝ እግሮች ናቸው።

«ጨርቁ ነው» አለ አባባ። ቀጥ ብሎ እኔን ነው የሚያየኝ፣ እንደ ባለሙያ። «ጨርቁ ነው የላላው።»

አዎ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ስፌቱ አወረድኩ። እህቴ «ጨጓራ ሲቆጣ እኮ...» ብላ ጀምራ ተወችው።

እማዬ ቦርሳዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ተንበርክካ ሱሪውን ወደ ላይ ሳበች፣ ወገቡን ከኋላ ገለበጠችው። ሦስት ጣት የነበረው ትርፍ ጨርቅ አሁን እጥፍጥፍ ብሎ መዳፍ ይሞላል። ላፍታም ሳታየው ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች። ክሩ ገብቶበታል፤ ግራጫ ነው።

«ከኋላ ከዚህ በላይ አይያዝም፣ ኪሶቹ ይጋጠማሉ» አለች። «ከጎን ነው የምይዘው። አትንቀሳቀስ።»

አባባ እንደ ደንበኛ ሁለት እጁን ከጎኑ ከፍ አድርጎ ቆመ።